የላላ የጠመንጃ መዝጊያ፦ ጤነኛውን ከአደገኛው መለየትና ማስተካከል

መዝጊያው ሲከፈት ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ጠመንጃ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በጅማና በዙሪያዋ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩት ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ሞዘሮች ከፋብሪካ ሲወጡም መዝጊያቸው ልል ነበር። ለጦር ሜዳ የተሠራ መሣሪያ ጭቃና አቧራ ገብቶበትም መከፈትና መዘጋት ስላለበት፣ በመዝጊያውና በሚንሸራተትበት ቤት መካከል ሆን ተብሎ ክፍተት ተትቶለታል። መዝጊያው እስከ መጨረሻው ወደኋላ ሲሳብ ደግሞ የሚደግፈው ብረት ስለሚያጥር፣ ጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ የሚጠበቅ ነው።

አሳሳቢው ልልነት ሌላ ነው። መዝጊያው ተዘግቶ፣ እጀታው ወርዶ፣ ጥይቱን ከኋላ ደግፎ መያዝ ሲገባው የሚታየው ነው። የ7.92 ሞዘር ጥይት ሲተኮስ በጎሬው (ጥይቱ በሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ውስጥ እስከ 3,900 ባር የሚደርስ ግፊት ይፈቀድለታል። ያንን ግፊት ከተኳሹ ፊት የሚያግዱት በመዝጊያው ራስ ላይ ያሉት ሁለት ቆላፊ ጥርሶች ናቸው። ከኋላ ያለው ሦስተኛ ጥርስ መጠባበቂያ ነው፤ በደህና ጊዜ ሸክም አይሸከምም። ስለዚህ ሞረድም መዶሻም ከማንሳት በፊት የላላው የቱ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከመዝጊያው ሳይሆን ከእንጨቱ ይገኛል።

በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝም መጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ጽዳት፣ ምርመራና የእንጨት ሥራ ፈቃድ ያለው ባለቤት በቤቱ የሚያደርገው ነው። የመዝጊያውን ጥርስ፣ የጎሬውን ጥልቀትና በርሜሉን የሚነካ ሥራ ግን ፈቃድ ላለው የጠመንጃ ባለሙያ ብቻ ነው። ቶርኖ ቤቱ የቡና መፈልፈያ ዘንግ አሳምሮ ስላወጣ የጠመንጃ መዝጊያም ያወጣል ማለት አይደለም።

ዝግጅት

መዝጊያውን ከፍታችሁ ጥይቱን አውጡ። ጎሬውን በዓይን እዩ፣ በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ፤ ጨለማ ሲሆን ዓይን ይሳሳታል። ጥይቶቹን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ባለው ምርመራ የትኛውም ደረጃ ላይ እውነተኛ ጥይት አይገባም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ከመርካቶ በአንድ ዙር ይገዛል፦ ምላሱ የብሎኑን ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ካቻቪቴ፣ ግማሽ ሊትር ነጭ ጋዝ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ የስፌት መኪና ዘይት፣ ሻማና ባትሪ። ማይክሮ ሜትር የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካቻቪቴው ጠባብ ከሆነ የብሎኑን ራስ ይበላና ቀጣዩን ሥራ ሁሉ ያከብዳል።

መዝጊያውን ማውጣትና ማጠብ

በሞዘር 98 መጀመሪያ ባዶውን ጠመንጃ አቀባብሉና መጠበቂያውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እጀታውን አንስታችሁ መዝጊያውን ወደኋላ ሳቡ። በግራ በኩል ያለውን ማቆሚያ በአውራ ጣት ወደ ውጭ ከፍታችሁ ያዙት፤ መዝጊያው ይወጣል። በኋለኛው ቆብ ግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ ቆቡን ወደ ግራ እያዞራችሁ ፍቱት። መርፌው ከነሞላው አብሮ ይወጣል። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ ከዚያ በላይ መበተን ካስፈለገ የመርፌውን ጫፍ በእንጨት ላይ አቁሙ፣ ቆቡን ወደ ታች ተጫኑ፣ የኋላውን ቁራጭ ሩብ ዙር አዙራችሁ አውጡ። ፊታችሁን ከላዩ አርቁ።

ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠቡ። የቆየ ግራሶ ከባሩድ ጥላሸት ጋር ተቀላቅሎ በጥርሶቹ መቀመጫ ውስጥ ከደደረ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አይዘጋም፤ እጀታውም ሳይወርድ ይቀርና የላላ ይመስላል። መቀመጫው ከጎሬው ጀርባ ተሰውሮ ስላለ ተራ መወልወያ አይደርስበትም። ጨርቅ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጠምጥማችሁ፣ በጋዝ ነክራችሁ፣ ወደ ጎን አዙሩት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል።

ለቅባት የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ የሚቀቡ አሉ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ቅቤም አቧራ ይሰበስባል፣ ይበላሻልም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ አሲድና የብረት ብናኝ ይዞ ስለሚመጣ ልልነቱን ራሱ ያፋጥነዋል። ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፤ በጥርሶቹ ጀርባ ላይ ብቻ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለች ግራሶ ጨምሩ። ጎሬው ውስጥ ዘይት አይቅር። ዘይት የነካው ቀለህ የጎሬውን ግድግዳ ስለማይዝ ግፊቱን በሙሉ ወደ መዝጊያው ያዞረዋል።

እንጨቱን መፈተሽ

ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚዘልቅ ከተማ ናት። እንጨት በዚያ ወራት ያብጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ሲገቡ ይጠባል። በክረምት ጠብቆ የነበረ ብሎን በበጋ ልል ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። በዚያ ላይ የተሰበረ የፋብሪካ ሰደፍ በአካባቢው አናጺ በዋንዛ የሚተካበት ጊዜ አለ። ዋንዛ ለበርጩማና ለቁምሳጥን ምርጥ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ሰደፍ በብዛት ከሚሠራበት ከዋልነት ይለሰልሳል፣ በብሎን ሲጠበቅም ይጨፈለቃል።

ፈተናው ቀላል ነው። መዝጊያውን መልሳችሁ ዝጉ፣ ጠመንጃውን በጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ሌባ ጣታችሁን ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፉ። በሌላ እጃችሁ በርሜሉን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ከጣታችሁ ሥር ብረቱ ከእንጨቱ ሲለያይ ከተሰማችሁ፣ የምትሰሙት የመዝጊያው ኳኳታ ሳይሆን የመላው ብረት ነው።

ከታች ያሉትን ሁለት ትላልቅ ብሎኖች አጥብቁ፤ መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን። ለእንጨት ሰደፍ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር ይበቃል። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ፣ ካቻቪቴውን በሙሉ መዳፍ ሳይሆን በሦስት ጣት ይዛችሁ እስኪቆም ድረስ አዙሩ። ብሎኑ ከጠፋ ከሃርድዌር ሱቅ ኤም 6 ገዝታችሁ አታስገቡ። የሞዘር ብሎን ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክሩም በአንድ ኢንች 22 ነው። ኤም 6 መጀመሪያ የሚገባ ይመስላል፣ ትንሽ ሲጠብቅ ግን የጠመንጃውን ክር ይልጣል። የብሎኑ ርዝመትም ይታይ። በአንዳንድ ጠመንጃዎች ከልኩ የረዘመ የፊት ብሎን በላይኛው በኩል ብቅ ብሎ የመዝጊያውን ጥርስ ይነካል።

ብሎኑ ጠብቆ ከሳምንት በኋላ እንደገና ከላላ እንጨቱ እየተጨፈለቀ ነው። ሞዘር በኋላው ብሎን ዙሪያ የብረት ቦኮላ (አጭር ቱቦ) አለው፤ ሰደፍ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ይህን ቶርኖ ቤት ሊያወጣው ይችላል፦ ውስጡ 7 ሚሊ ሜትር፣ ውጭው 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም በላይኛው ብረትና በታችኛው መከላከያ ብረት መካከል ካለው ርቀት ጋር ልክ እኩል የሆነ። ካጠረ እንጨቱ መጨፍለቁን ይቀጥላል፤ ከረዘመ ብረቱ በእንጨቱ ላይ አይቀመጥም። በዋንዛ ሰደፍ ላይ ለፊቱ ብሎንም አንድ ብታስገቡ አይከፋም። ቦኮላውን በሁለት ጠርሙስ በሚቀላቀል ማጣበቂያ አጣብቁ። ማጣበቂያው ብረቱን እንዳይዝ ብረቱን አስቀድማችሁ በጫማ ቀለም በስሱ ቀቡት፤ ለ24 ሰዓትም አትንኩት።

መዝጊያውን ራሱን መፈተሽ

እንጨቱ ጠብቆ ኳኳታው ካልቀረ አሁን ወደ ብረቱ ይኬዳል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። በሞዘር የመዝጊያው እጀታ ሥር ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ገብቶ መዘጋቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ልዩነቱ በዓይን የማይታይ የሚሊ ሜትር አሥረኛ ሊሆን ይችላል። የጎሬው ልክ (ከታች ይብራራል) በመለኪያ እስኪታይ ድረስ አይተኮስበትም።

ሁለተኛ፣ የግራውን ማቆሚያ። መዝጊያው በጥድፊያ ሲሳብ ከቤቱ ተፈትልኮ የሚወጣ ከሆነ የማቆሚያው ሞላ ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ሞላው ብቻውን ይቀየራል፤ ርካሽና ምንም ልኬት የማይፈልግ ጥገና ነው።

ሦስተኛ፣ የኋላው ቆብ። መዝጊያው ክፍት ሳለ ቆቡ በራሱ የሚሽከረከር ከሆነ ትንሿ ቁልፍ በልታለች ወይም ሞላዋ ደክሟል። ቆቡ ትንሽ እንኳ ከዞረ መዝጊያው አይዘጋም፤ በጉልበት ሲዘጋ ደግሞ ክሩ ይጎዳል። ቁልፏና ሞላዋ አብረው ይቀየሩ።

አራተኛው ዋናው ነው። ባዶውን ጠመንጃ ምላጩን ይዛችሁ ዝጉት፤ ሞላው ሳይቀባበል ይዘጋል። እንዲህ የሚደረገው፣ ከተቀባበለ ሞላው መዝጊያውን ወደኋላ ገፍቶ ጥርሶቹን ከመቀመጫቸው ጋር ስለሚያጣብቅ ልልነቱ ስለሚደበቅ ነው። አሁን መዝጊያውን ወደፊትና ወደኋላ ግፉ፣ ሳቡም። ጎሬው ባዶ ስለሆነ ጥቂት መንቀሳቀስ ያለ ነው። በዓይን በግልጽ የሚታይ፣ ጣ ጣ የሚል እንቅስቃሴ ካለ ግን የጥርሶቹ መቀመጫ ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ምርመራ ሳታደርጉ አትተኩሱ። እጀታው ከተኩስ በኋላ በራሱ ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነም እንዲሁ።

ጥርሶቹ ሁለቱም እየነኩ መሆናቸውን ለማየት ጀርባቸውን በሻማ ጥላሸት አጥቁሩ። መዝጊያውን አስገብታችሁ፣ ወደኋላ እየሳባችሁ እጀታውን ጥቂት ጊዜ አውርዱና አንሱ፤ ከዚያ አውጥታችሁ እዩ። ጥላሸቱ ከሁለቱም ጥርሶች ላይ ከግማሽ በላይ ከተጠረገ ደህና ነው። አንዱ ጥርስ እንደጠቆረ ከቀረ ሌላኛው ብቻውን ነው የሚሸከመው።

የጎሬው ልክ

ይህ ልክ በመዝጊያው ፊትና ጥይቱ ወደፊት እንዳይሄድ በሚቆምበት ቦታ መካከል ያለ ርቀት ነው። በሞዘር ጥይቱ የሚቆመው በትከሻው፣ ማለትም ቀለሁ ወደ አፉ መጥበብ በሚጀምርበት ቦታ ነው። በእንግሊዝ ሥሪቱ ጠመንጃ በሊ ኢንፊልድ የ.303 ጥይት ግን በቂጡ ከንፈር ስለሚቆም ልኩ ሌላ ነው፤ በወታደራዊ መለኪያ ከ1.63 እስከ 1.88 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። ልኩ የሚታየው ለዚያው ጥይት በተሠሩ ሁለት የብረት መለኪያዎች ነው። መዝጊያው በአንደኛው ላይ መዘጋት አለበት፣ በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሞዘር 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሲለካ መርፌውና ቀለህ ሳቢው ጥፍር ወጥተው፣ እጀታው በአንድ ጣት ክብደት ብቻ ይወርዳል። በጉልበት ከተዘጋ ለመለኪያውም ለጎሬውም ጉዳት ነው፣ ውጤቱም ውሸት ይሆናል። የተተኮሰ ቀለህ ለዚህ መለኪያ አይሆንም፤ በተኩሱ ጊዜ የጎሬውን ቅርጽ ይዟልና።

መለኪያው በአካባቢው ከሌለ፣ የተተኮሱት ቀለሆች ራሳቸው ይናገራሉ። ከቀለሁ ቂጥ በላይ 8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ካለ ቀለሁ ተለጥጧል። ቀጭን ሽቦ ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር አጥፋችሁ አሹሉት፣ በቀለሁ አፍ አስገቡና ግድግዳውን ከሥር ወደ ላይ እየጫራችሁ ሳቡ። በዚያ ቀለበት ትይዩ ሽቦው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ከተያዘ፣ የሚቀጥለው ቀለህ ለሁለት ሊቆረጥ ይችላል። ሲቆረጥ ጋዙ በመዝጊያው በኩል ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። መለኮሻዋ (መርፌው የሚመታት የባሩዱ ማቀጣጠያ) ከቀለሁ ቂጥ ብቅ ብላ ከተገኘችም ሌላ ምልክት ነው። እነዚህ ከታዩ ጠመንጃው ይቀመጥ።

ማስተካከያው ምን ይመስላል

ልልነቱ በመዝጊያው ዙሪያ ብቻ ከሆነና የጎሬው ልክ ደህና ከሆነ፣ ሐቀኛው ምክር መተው ነው። የሞዘር መዝጊያ ውፍረቱ 17.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የአንድ ወይም የሁለት የሚሊ ሜትር አሥረኛ ክፍተት ለአደን በሚፈለገው ርቀት ዒላማ አያስትም። ክፍተቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ግን የመንገድ አቧራ ወይም የቡና ገለባ ብናኝ ሲገባ መዝጊያው ይነክሳል። ለዒላማ ውድድር በሚሠሩ ጠመንጃዎች ላይ መዝጊያው ተላልጦ ከፊትና ከኋላ ቀለበት ይለበስለታል። ያ የሚሠራው ግን ድቡልቡልና ልሙጥ መዝጊያ ላላቸው ነው። የሞዘር ረጅም ቀለህ ሳቢ በመዝጊያው ጎን ተኝቶ፣ በክብ ማቀፊያ ታስሮ ስለሚሄድ ለቀለበት ቦታ የለውም።

አንዳንዱ መዝጊያውን በነጥብ መምቻ እየነቀሰ ብረቱን ያሳብጠዋል። ለጥቂት ቀን የጠበቀ ይመስላል፤ ከዚያ ያበጡት ነጥቦች ይላጡና ቤቱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ብየዳ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። የሞዘር ብረት ላዩ ብቻ የጠነከረ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ጥርሶቹም ከዚያ በኋላ በየተኩሱ ወደኋላ ይሰምጣሉ። በዚሁ ምክንያት ጥርሶቹን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በቫልቭ ማሻ ቅባት ማስተካከል አይገባም። የጠነከረው ላይ ስስ ነው፤ የሚነሳው እያንዳንዱ ቅንጣትም በጎሬው ልክ ላይ ይጨመራል። በመዝጊያው ፊት ላሜራ መለጠፍም እንዲሁ ነው፦ ላሜራው በመጀመሪያው ተኩስ ይቀደዳል።

የጎሬው ልክ ካለፈ፣ የሊ ኢንፊልድ ቁጥር 4 ባለቤት ዕድለኛ ነው። የመዝጊያው ራስ ተፈትቶ የሚወጣ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ተሰጥቶት በአራት ልክ ተሠርቷል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን የመዝጊያው ራስ ይረዝማል። በመለኪያ እየታየ አንድ ቁጥር ከፍ ያለው ይገጠምለታል። በሞዘር ግን መንገዱ ሁለት ነው፦ ሌላ መዝጊያ በመለኪያ እየሞከሩ መምረጥ፣ አለዚያም በርሜሉን ፈትቶ ከኋላው ቆርጦ ጎሬውን እንደገና ማውጣት። ሁለቱም ፈቃድ ያለውን ባለሙያ የሚጠይቁ ናቸው። የጥርሶቹ መቀመጫ ራሱ ሰምጦ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነውና፣ በርሜሉን ማስተካከል ለጊዜው ብቻ ይደብቀዋል። ያ ጠመንጃ ለተኩስ አይመለስም።

ከጥገና በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች በትከሻ አይተኮሱም። ባለሙያው ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢቶች መካከል አስሮ፣ ምላጩን ከግንብ ጀርባ ሆኖ በረጅም ገመድ ይስባል። ቀለሁ አንድ በአንድ እየወጣ ቀለበቱ፣ መለኮሻውና የሽቦው ፈተና ይታያል። አምስት ቀለህ ንጹህ ሆኖ ከወጣና እጀታው እንደ መጀመሪያው በቀላሉ ከተነሳ ለባለቤቱ ይመለስለታል። ባለቤቱም እነዚያን አምስት ቀለሆች በክር አስሮ ከጠመንጃው ጋር ያስቀምጥ፤ በሚቀጥለው በጋ የሚወጣውን ቀለህ ከእነሱ ጎን አቁሞ ማመሳከር ይችላል።